ቲፋኒ ሃዲሽ፦ ቀሚሷን ሁላችሁም አይታችኋል፣ ቀልዷንስ?

ጭቅጭቅ አልወድም

ሰላም ናችሁ ቤቶች። ያቺ የ2018ቱ የኦስካር ፎቶ ሰሞኑን እንደገና ቴሌግራም ላይ መዞር ጀምራለች፣ ቲፋኒ ሃዲሽ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ካባ ደርባ ቀይ ምንጣፉ ላይ ሽር ብትን ስትል። ከስሩ ያለውን ኮሜንት ጣቴ እስኪደክም ወርጄ አነበብኩት፣ ግማሹ "የኛ ልጅ" ይላል ግማሹ "ኤርትራዊት ናት ምን አገባችሁ" ይላል፣ ስለ ስራዋ ያወራ ግን የለም። አንድም ሰው! ሴትየዋ እኮ ሞዴል አይደለችም፣ ብቻዋን ማይክ ይዛ ቆማ ሰው የምታስቅ ኮሜዲያን ናት፣ ወደ ፊልሙም የገባችው በዛ በር ነው።

እስቲ ዛሬ ስለ ስራዋ እናውራ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በዛ እንዳትጨቀጭቁኝ (ስሜን እዩት)።

ለማታውቋት፣ ታህሳስ 1979 ሎስ አንጀለስ ሳውዝ ሴንትራል ነው የተወለደችው። አባቷ ከኤርትራ የመጣ ስደተኛ፣ እሷ 3 ዓመቷ ላይ ትቷቸው ሄደ። እናቷ በ1988 ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰባት፣ ጭንቅላቷ ተጎዳ፣ መናገርና መራመድ እንደ አዲስ ነው የተማረችው፣ ጸባይዋም ያ የድሮው አልሆነም፣ መማታት ጀመረች። ቲፋኒ የበኩር ልጅ ናት፣ ከስሯ 4 ታናናሾች፣ እሷው ራሷ ልጅ ሆና እነሱን ታበላለች ታለብሳለች። በኋላ መንግስት ወሰዳቸውና ለያይቶ ፎስተር ኬር አስገባቸው፣ ማለት የማያውቁት ሰው ቤት። ቆይቶ ነው አያቷ የተረከበቻቸው።

እኔን የያዘኝ የቱ መሰላችሁ፣ እሷ ስትናገር እናቷን ካሳቀቻት የመመታት እድሏ ይቀንስ ነበር። ፎስተር ኬር ስትገባም ያው ነው፣ ጉልበተኞቹን ካሳቀቻቸው ይከላከሉላታል። ቀልድ ለዚች ልጅ ሙያ ከመሆኑ በፊት ጋሻ ነበር እያልኳችሁ ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ክሊፖቿን በሌላ አይን ነው ያየሁት፣ መድረክ ላይ አይኗ አያርፍም፣ ሰዉን አንድ በአንድ ትቃኛለች፣ የቱ ጋ ነው ያልሳቀው እያለች የምትፈልግ ነው የሚመስለኝ።

የፌርፋክሱ ሹፌር

ወንድም ጥሩ ነገር አነሳህ። እሷ የጀመረችበት ላፍ ፋክትሪ የሚባለው ክለብ እኮ ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሊትል ኢትዮጵያ ፌርፋክስ ላይ ነው አይደል፣ ከዛው ፌርፋክስን ይዘህ ቀጥ ብለህ ወደ ሰሜን ነው፣ ዊልሸርን ፋርመርስ ማርኬትን ሜልሮዝን ሳንታ ሞኒካን እያለፍክ ሰንሴት ስትደርስ ወደ ግራ፣ በቃ ደረስክ። ትራፊክ ከሌለ ቅርብ ነው፣ ትራፊክ የሌለበት ቀን ግን ገና አልተፈጠረም። 11 ዓመት ሙሉ እዛ በር ላይ ሰው አወርዳለሁ። ሲመለሱ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው የሰሙትን ቀልድ እየደጋገሙ ሲንከተከቱ እሰማለሁ፣ እኔ ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።

ጭቅጭቅ አልወድም

@የፌርፋክሱ ሹፌር ኧረ በናትህ ግባ! ታሪኳ እኮ የተቀየረው እዛ ቤት ነው። ትምህርት ቤት እየረበሸች አስቸገረችና በ1997 ሶሻል ወርከሯ ምርጫ ሰጠቻት፣ ወይ የስነ ልቦና ህክምና ትገቢያለሽ ወይ የላፍ ፋክትሪ የልጆች ኮሜዲ ካምፕ ትሄጃለሽ። ማን ህክምና ይመርጣል፣ ካምፑን መረጠች። ካምፑ የችግረኛ ሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ትልልቅ ኮሜዲያኖች እየመጡ የሚያስተምሩበት ነው፣ እሷ ጋ ከመጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው... ሪቻርድ ፕራየር! ያኔ ኤምኤስ የሚባለው በሽታ ይዞት ሰውነቱ ተዳክሟል። እየቀለደች መሃል ላይ አስቆማትና ምን እያደረግሽ ነው አላት። እየቀለድኩ ነዋ። አይደለም፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ያንቺን ችግርና ፖለቲካ ሊሰማ አይደለም፣ ሊዝናና ነው፣ አንቺ ካልተዝናናሽ እሱም አይዝናናም ብሎ መከራት። ይሄን ምክር በየቃለ መጠይቁ ታነሳዋለች።

የሚገርመው ፕራየር ራሱ ሴተኛ አዳሪ ቤት ያደገ ሰውዬ ነው፣ ቤቱም የአያቱ ነበር፣ እድሜ ልኩን መድረክ ላይ የተናገረው ደግሞ የራሱን ችግር ነው። ስለዚህ ችግርሽን አታውሪ ማለቱ አይመስለኝም፣ ስታወሪው አታልቅሺብን ነው።

ቀልደኛው መሃንዲስ

እዚህ ጋ እኔ ልመስክር ምክንያቱም ሞክሬዋለሁ። አዎ ስታንድአፕ፣ ያ ብቻህን ማይክ ይዘህ ቆመህ ማሳቁን። ሜሪላንድ አንድ ቤት (ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱም የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም) ማክሰኞ ማታ ኦፕን ማይክ አለ፣ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ተራህ ሲደርስ 3 ደቂቃ ይሰጥሃል፣ ሊያልቅ ሲል ከጀርባ ቀይ መብራት ይበራልሃል። ቢሮ ምሳ ላይ ሁሌ አስቃቸዋለሁ፣ ጓደኞቼም "አንተማ መድረክ ነበር የሚገባህ" ይሉኛል፣ እኔም አመንኩ።

ወጣሁ። መጀመሪያ የማይኩ ሽቦ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። "እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውልልኝ ስልክ አያስፈልጋትም፣ ድምጿ ብቻውን ይደርሳል" አልኩ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ስናገረው እኮ ያስቃል!! ዝም። ባሩ ጥግ ያለው የበረዶ ማሽን ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አንዱ ሳል አለው፣ እሱ ብቻ ነው ድምጽ ያሰማው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ሁለተኛውን ቀልድ ጭራሽ ረሳሁትና ሶስተኛውን ጀመርኩ፣ ሶስተኛው ደግሞ ያለ ሁለተኛው አይገባም። ቀዩ መብራት ሲበራ እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ማንም ኮሜዲያን ላይ አልፈርድም። ይቺ ሴትዮ ይሄን ስራ ከ1997 እስከ 2017 20 ዓመት ሰርታው ነው ሰው ያወቃት፣ 20 ዓመት!

ዝናሽ (ደንቨር)

ሰላም ልጆች። እኔ ቀሚሷን ካዩት ውስጥ ነኝ አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝም። ከዛ በኋላ ልጄ ኔትፍሊክስ ላይ ከፈተልኝና ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የምትናገረውን ስሰማ ሪሞት ፍለጋ ሶፋውን ገለበጥኩት። ልጄ ይስቃል እኔ አፍራለሁ። ጎበዝ መሆኗን አልክድም ግን ያለ ስድብና ያለ ብልግና ማሳቅ አይቻልም እንዴ? የኛዎቹ እነ ደረጀና ሀብቴ፣ እነ አለባቸውና ልመነህ በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን በሙሉ ያስቁን አልነበረም፣ ከህጻን እስከ ሽማግሌ?

ጭቅጭቅ አልወድም

እትዬ ዝናሽ ሶፋው ደህና ነው? እውነትዎን ነው፣ አፏ አይቻልም። ለርስዎ የሚሆን ግን አለኝ። በ2017 ክረምት ጂሚ ኪሜል የቲቪ ሾው ላይ ቀርባ የተናገረችውን ይዩ፣ ያለ ብዙ ብልግና ነው። ገርልስ ትሪፕ የሚለውን ፊልም ኒው ኦርሊንስ ሲሰሩ ከግሩፖን (የቅናሽ ኩፖን የሚሸጥበት ድረገጽ ነው) ረግረግ ውሃ ላይ አዞ የሚያሳይ የጀልባ ጉብኝት ትገዛለች፣ ከዛ ማንን ትጋብዛለች፣ አብራት የምትሰራዋን ጄዳን እና ባሏን ዊል ስሚዝን። እነሱ ግሩፖን ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ሃብታም ኩፖን ከየት ያውቃል፣ ለብቻቸው ጀልባ የተከራየችላቸው መስሏቸዋል። እሷ በኪራይ መኪና ራሷ ነድታ ወሰደቻቸው፣ ሲደርሱ ጀልባው ተራ ቱሪስት ሞልቶበታል። እየተወነች ነው የምትተርከው፣ የዊልን ድምጽ የጄዳን ፊት ሁሉንም። ያ ክሊፕ ከፊልሙ እኩል ነው ያስተዋወቃት፣ በዓመቱ ራሱ ግሩፖን ማስታወቂያ አሰራት፣ ሱፐር ቦል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ላይ።

ፊልሙ ደግሞ በ20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተሰርቶ በዓለም ወደ 140 ሚሊዮን አስገባ። እሷ የተከፈላት በራሷ አፍ 80 ሺህ ነው ያለችው። በሉ አስሉት።

ቀልደኛው መሃንዲስ

የደረጀና ሀብቴ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልበል ብዙ አስቤበታለሁና (3 ደቂቃ ከወደቅኩ በኋላ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ነበረኝ)። የኛ ኮሜዲ ባብዛኛው ጥንድ ነው። አንዱ ይቃዣል ሌላኛው ያርመዋል፣ ሳቁ በሁለቱ መሃል እንደ ፒንግፖንግ ይመላለሳል፣ አንዱ ቢወድቅ ጓደኛው ያነሳዋል። ስታንድአፕ ላይ ጓደኛህ ተመልካቹ ነው፣ እሱ ኳሷን ካልመለሰልህ አለቀልህ።

አስመራዊው ዘ ፒያሳ

መሃንዲሱ አልስማማም! አዝማሪስ? አዝማሪ ቤት ገብተህ አታውቅም እንዴ ብቻውን ማሲንቆውን ይዞ መጥቶ መላጣህን ቦርጭህን አብራህ ያለችውን ልጅ በግጥም ሲያበጥርህ፣ አንተ "ተቀበል!" ብለህ ስንኝ ስትሰጠው እዛው በዛው ሲመልስልህ። ፈረንጆቹ ክራውድ ወርክ የሚሉት እኮ ይሄው ነው፣ እኛ ጋ ማሲንቆ ስላለበት ሙዚቃ ብለን አስቀመጥነው እንጂ።

ሌላው፣ አዲስ አበባ ያደግኩ ኤርትራዊ ነኝና ስለ ስሟ ዝም ማለት አቃተኝ። ሃዲሽ አይደለም፣ ሓድሽ ነው፣ "ድ"ን ጠበቅ አድርጉት፣ በትግርኛ አዲስ ማለት ነው። ፈረንጅ "ዲሽ" እያለ ሲጠራት ሳህን አስመሰላት። የአባቷ ሙሉ ስም ፀሃየ ረዳ ሓድሽ ነው። "ሺ ሬዲ" (ዝግጁ ናት እንደ ማለት) የምትለው መፈክሯ አለ አይደል፣ እኔ በበኩሌ ከአያቷ ከረዳ ነው የመጣው ብዬ ወስኛለሁ ማስረጃ አትጠይቁኝ ሃሃሃ።

እና ያ ቀሚስ። አባቷን ካደገች በኋላ ነው ያገኘችው፣ በ2017 ሞተ፣ ኦስካሩ መጋቢት 2018 ነው። ለአባቷ ክብር ብላ ነው የለበሰችው፣ እሷ ራሷ ተናግራዋለች። በ2019 ግንቦት ላይ አስመራ ሄዳ በነጻነት በዓል ሰሞን ዜግነት ወሰደች። በዚህ የወቀሷት ኤርትራውያን አሉ፣ ያጨበጨቡላትም አሉ፣ እዛ ውስጥ አልገባም ክሩ ይቃጠላል። እኔን የሚገርመኝ 3 ዓመቷ ላይ ትቷት የሄደን አባት፣ ጥሎባት የሄደውን ስም ይዛ እስከ ኦስካር መውሰዷ ነው። እኔ ብሆን ስሙን እቀይር ነበር።

ሃቁን ልንገርህ

ሁላችሁም የሰርግ ሚዜ ሆናችሁ። ሌላውንስ? በ2018 መጨረሻ የፈረንጅ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ማያሚ ሰው ብር ከፍሎ ገብቶ ቀልዷን ረስታ ቆመች፣ ሰዉ እያቋረጠ ወጣ፣ እሷ ቮድካ አውጥታ ከተመልካች ጋር መጠጣት ጀመረች። ጠጥታ በመንዳት ተጠርጥራም ሁለቴ ተይዛለች፣ ጆርጂያ በ2022፣ ቤቨርሊ ሂልስ በ2023። እና የሰራቻቸው ፊልሞች ግማሾቹ ውሃ ናቸው። ሃቅ ሃቁን።

ጭቅጭቅ አልወድም

@ሃቁን ልንገርህ ሁሉም ልክ ነው አልከራከርህም። ማያሚን በተመለከተ ከዛ በፊት የነበረውን ሌሊት እስኪነጋ ስትጨፍር አድራ እንደወጣች አምናለች፣ በማግስቱም አዎ ሆኗል፣ የተሻለ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ሁለተኛ አይደገምም ብላ ጻፈች። ሰበብ አልደረደረችም። የጆርጂያውን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ጂሚ ፋለን የቲቪ ሾው ላይ ቀርባ ምን አለች፣ ወንድ እንዲልክልኝ ፈጣሪን ለምኜ ነበር፣ አራት ላከልኝ፣ ያውም ዩኒፎርም የለበሱ። ጥፋቱን አያጸዳውም፣ ጠጥቶ መንዳት ሰው ይገድላል፣ እኔም እዛ ላይ አልሳቅኩም። ግን ያ የልጅነቱ ጋሻ አሁንም እጇ ላይ እንዳለ ያሳየኛል፣ ዱላ ሲመጣ መጀመሪያ የምታነሳው እሱን ነው።

ስለ ፊልሞቹ እሺ፣ ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። ዘ ካርድ ካውንተርን (2021) ግን አይተኸዋል? ኮሜዲ አይደለም፣ ዝግ ያለ የቁማርተኛ ፊልም ነው፣ እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተወነችው። ለኔ ትንሽ ያልበሰለ ቦታ አለው ግን ዝም ማለትም እንደምትችል ያየሁት እዛ ነው።

ዝናሽ (ደንቨር)

የጀልባውን አየሁት። ሳቄ አልቆም ብሎ ጎረቤት ደወለልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።

ሌላ ነጭ የፈረንጅ ቀሚሷንም ልጄ አሳየኝ። ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለው የቲቪ ኮሜዲ ላይ ለብሳው ከ4 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቼበታለሁ ደጋግሜ ነው የምለብሰው ያለችውን። ኦስካሩም ላይ ቀይ ምንጣፉ ካለቀ በኋላ መድረክ ላይ እሱኑ ለብሳ ወጣች አሉኝ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በነጠላ ጫማ። ይሄን ወድጄላታለሁ። እኛ አንዴ ለሰርግ የለበስነውን ሁለተኛ ፎቶ ላይ እንዳይታይ ሳጥን ውስጥ እንቀብረዋለን።

ጭቅጭቅ አልወድም

እትዬ ዝናሽ ያ ሳተርደይ ናይት ላይቭ (ህዳር 2017) ፕሮግራሙን በአስተናጋጅነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስታንድአፕ ኮሜዲያን ያደረጋት ነው። በሱው ኤሚ ሽልማት አገኘች በ2018።

ነታንያ ማዶ

ሰላም ከእስራኤል። አንድ ያልነካችሁት ነገር አለ። ገና ሳትታወቅ ለዓመታት እንጀራዋ የአይሁድ ልጆች ባር ሚጽቫ (ወንድ ልጅ 13 ሲሞላው የሚደረግ በዓል) ላይ ማይክ ይዞ መጨፈርና እንግዳውን ከወንበሩ ማስነሳት ነበር። እዚህም የዚህ ስራ ሰዎች አሉ፣ ቀላል አይደለም፣ 13 ዓመት የሞላውን የሚያፍር ልጅና ስልኩ ላይ ያፈጠጠ አጎቱን አንድ ላይ ማስጨፈር! ከዛ በአባቷ በኩል የአይሁድ ዘር እንዳላት አወቀችና 40 ዓመት በሞላት ቀን፣ ታህሳስ 3 2019፣ የራሷን ባት ሚጽቫ አደረገች። ለሴት ልጅ በ12 ነው የሚደረገው፣ እሷ 28 ዓመት ዘገየች ማለት ነው። በዛው ቀን ኔትፍሊክስ ላይ ብላክ ሚጽቫ የሚለው ስታንድአፕ ወጣ፣ በ2021 ግራሚ አሸነፈበት። ከሷ በፊት በኮሜዲ አልበም ግራሚ ያገኘች ጥቁር ሴት ዉፒ ጎልድበርግ ብቻ ናት፣ በ1986።

እዚህ የኛ ሽማግሌዎች ስለሷ ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ "የማን ልጅ ናት?"። ፎቶ እንኳን ሳያዩ።

የፌርፋክሱ ሹፌር

ያ መኪና ውስጥ ያደረችበት ጊዜስ? እኔ እሱን ሰምቼ ነው የወደድኳት፣ አዲስ መጥቼ እኔም ሁለት ሳምንት መኪና ውስጥ አድሬያለሁና አንገት እንዴት እንደሚጣመም አውቃለሁ። ጂኦ ሜትሮ ነበረች መኪናዋ፣ ያቺን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እግር መዘርጊያ የላትም። ኮሜዲያኑ ኬቨን ሃርት ሲያውቅ 300 ዶላር ሰጥቶ ማደሪያ ፈልጊ፣ ከዛ የምትፈልጊውን ነገር ዝርዝር ጻፊና አንድ በአንድ ስሪ አላት። በ2018 ናይት ስኩል ላይ አብረው ተወኑ፣ ስማቸው አንድ ፖስተር ላይ።

ስለ ሻንጣውም አንድ ሰው ይጻፍ እኔ መንዳት አለብኝ።

ጭቅጭቅ አልወድም

እኔ ልጻፈው። ፎስተር ኬር እያለች ከቤት ቤት ሲያዛውሯት ልብሷን የምትይዘው በቆሻሻ ከረጢት ነበር፣ ያ ጥቁሩ ፌስታል። አንድ ቀን ሻንጣ ተሰጣት። በቆሻሻ ከረጢት ስትይዘው ራስህንም እንደ ቆሻሻ ታያለህ፣ ሻንጣ ሲሰጠኝ ግን መንገደኛ ሆንኩ፣ የምሄድበት ያለኝ ሰው ሆንኩ ትላለች። ዛሬ ሺ ሬዲ የሚባል ድርጅት አላት፣ ከሚሰራው አንዱ ፎስተር ኬር ላሉ ልጆች ሻንጣ መስጠት ነው። ውስጤን የነካው ይሄ ነው። ባዕድ አገር ስትገባ ሻንጣህን ይዘህ ኤርፖርት የወጣህባት ቀን ትዝ አትልህም? እኔ ያቺ ሻንጣ አሁንም አልጋዬ ስር ናት፣ ዚፗ ተበላሽቶ።

ሃቁን ልንገርህ

እሺ የሻንጣውን አላውቅም ነበር።

ፊልሞቹ ግን ውሃ ናቸው።

የፌርፋክሱ ሹፌር

ሰዎች፣ ገባሁ! ሐሙስ ማታ አፑን ዘጋሁና ሁለት ብሎክ ርቄ አቁሜ ገባሁ። መጀመሪያ ነገር ትኬት ከፍለህ ብቻ አያበቃም፣ ሁለት መጠጥ የማዘዝ ግዴታ አለብህ፣ እኔ ደግሞ ነጂ ነኝ ሁለት ኮካ በውድ ዋጋ ጠጣሁ። ቲፋኒ አልነበረችም እርግጥ ነው። ከተቀለደው ግማሹ አልገባኝም፣ በጣም ይፈጥናሉ፣ የማላውቃቸውን የቲቪ ሰዎች ስም ይጠራሉ።

ብቻዬን ስለመጣሁ ወስደው ፊት አስቀመጡኝ። አንዱ ወጣና ወዲያው አየኝ። ከየት ነህ አለኝ፣ ከኢትዮጵያ አልኩ፣ ስለ ምግብ የሆነ ነገር አለ ሰው ትንሽ ሳቀ። ከዛ ምንድነው ስራህ አለኝ። ሹፌር ነኝ አልኩት፣ "እዚህ ከተቀመጡት ውስጥ ሶስቱን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ አንዱ ቲፕ አልሰጠኝም።" ወላሂ አስቤ አይደለም እውነቴን ነው፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ቤቱ ተናጋ። ሰው ጠረጴዛ ደበደበ። ቀልደኛው ራሱ ማይኩን ወደኔ ዘረጋልኝ። ቤት ገብቼ እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ያ ድምጽ ጆሮዬ ላይ ነው።

ያ ቲፕ ያልሰጠኝ ሰውዬ ሲወጣ 20 ዶላር ሰጠኝ ደግሞ።

ቀልደኛው መሃንዲስ

እኔ 3 ደቂቃ ሙሉ ለምኜ ያጣሁትን!! አንተ ተቀምጠህ፣ በኮካ!